ሕጉ ከጉልቻው ይድረስ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ የሹማምንትን መፈራረቅ ለመተቸት የተነገረ እንጂ ስለ ምድጃ የተነገረ አለመሆኑ የታወቀ ነው። ቃል በቃል ከወሰድነው ግን በደቡብ ጎንደር ደጋ ለሚኖር ቤተሰብ እውነትነት የለውም። በዚያ አገር ጉልቻው ቢለወጥ፣ ወጡ ባይጣፍጥ እንኳ፣ የጋጋሪዋ ዓይንና ሳንባ ከጢስ ይድናል፤ ኩበቱ ለማሳው ይተርፋል፤ ተራራውም ከመራቆት ያርፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አገራችን ስለ ንጹሕ ኃይልና ስለ አየር ንብረት ያወጣቻቸው ሕጎችና ፖሊሲዎች እስከዚሁ ጉልቻ ድረስ መውረድ እንደሚገባቸው ማስረዳት ነው። ሲወርዱም ግዴታ መጫን ያለባቸው በባለጉልቻዋ ላይ ሳይሆን በባለሥልጣኑ ላይ ነው።

በቅድሚያ ስለ አገሩ ጥቂት እንበል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ጥንታዊት ከተማ ናት። በዘመነ መሳፍንት የራሶች መቀመጫ፣ ኋላም የዐፄ ቴዎድሮስ ከተማ ሆና አገልግላለች። ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ በ1867 እ.ኤ.አ. የተሠራው በአቅራቢያዋ በምትገኘው በጋፋት ነው። ከከተማዋ በስተደቡብ ምሥራቅ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ይታያል። ከጉና የሚነሡት ርብና ጉማራ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ሐይቅ ይገባሉ። ስለዚህ በጉና ተዳፋት ላይ የሚሆነው ሁሉ፣ የዛፉ መቆረጥም ሆነ የአፈሩ መታጠብ፣ በፎገራ ሩዝ አምራችና በጣና ዓሣ አጥማጅ ኑሮ ላይ ይደርሳል። ደጋው ብርዳማ በመሆኑ ምድጃው ለማብሰያ ብቻ ሳይሆን ለማሞቂያም ያገለግላል፤ ሌሊቱ ሲበረታ ቤተሰቡ በሙሉ ዙሪያውን ይሰበሰባል።

በዚህ ምድጃ ውስጥ የሚነደው ምንድን ነው? እንጨት በበቂ የሚገኝበት ቦታ እንጨት፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ይነዳል። እንጨት ባነሰበት ግን ኩበት ይነዳል። ኩበት እንደ እንጨት ሁሉ ሙቀት ስለሚሰጥ ብዙዎች ያለ ዋጋ የተገኘ ነገር አድርገው ይመለከቱታል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ፍግ ወደ ማሳ ቢመለስ አፈሩን ያለሰልሳል፤ ውሃ እንዲይዝ ያደርጋል፤ ሰብሉንም ይመግባል። በእሳት ሲቃጠል ናይትሮጅኑና ብስባሹ ወደ አየር ይሄዳል፤ የሚተርፈው ዐመድ ብቻ ነው። ገበሬው በበጋ በምድጃው ያቃጠለውን ማዳበሪያ በክረምት በገንዘብ ለመግዛት ይገደዳል፤ ገንዘብ ያጣ እንደሆነም ገብሱ ይቀጭጫል። ከዚህም የተነሣ የምርት ማነስና የማገዶ እጥረት ሁለት የተለያዩ ችግሮች ሳይሆኑ አንዱ ሌላውን የሚወልዱ መንትዮች ናቸው ማለት ይቻላል።

ከማሳው ጉዳት በላይ ግን የሰው ጉዳት ይብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዓለም ዙሪያ ሞተዋል። ከሁሉ ይልቅ ለጢሱ የሚጋለጡት በምድጃው አጠገብ የሚውሉት ሴቶችና እናታቸውን የማይለዩት ሕፃናት ናቸው። በአስተማሪነት ዘመኔ እንደተገነዘብሁት ማገዶ የሚለቀምበትና እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ለብዙ ልጃገረዶች ከትምህርት የሚቀሩበት፣ ወይም ዘግይተው ዓይናቸው ቀልቶ የሚደርሱበት ቀን ነበር። ወንዶቹ ልጆችም ይቀራሉ፤ ነገር ግን በዚህ ምክንያት አልነበረም። ስለዚህ የጉልቻ ጉዳይ የጤናና የእርሻ ብቻ ሳይሆን የትምህርትና የእኩልነትም ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንመለስ። ስለ አካባቢና ስለ ኃይል የተጻፈ ሕግ አላጣንም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። በ1989 ዓ.ም. የአካባቢ ፖሊሲ ወጣ። በ1995 ዓ.ም. ስለ አካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299፣ ስለ አካባቢ ብክለት ቁጥጥርም አዋጅ ቁጥር 300 ታወጁ። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 በ2006 ዓ.ም.፣ የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ደግሞ በ2010 ዓ.ም. ተከተሉ። አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአየር ንብረት ለውጥ ስምምነት በ1986 ዓ.ም.፣ የፓሪሱንም ስምምነት በ2009 ዓ.ም. አጽድቃለች። ይህ ሁሉ ሲደመር ለአንዲት ታዳጊ አገር ቀላል የማይባል የሕግ ሀብት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ለጉዳያችን ይበልጥ የሚቀርበው በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋም አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ነው። ስትራቴጂው በ2010 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ያህል መሆኑን፣ በነበረው አካሄድ ከቀጠለም በ2030 እ.ኤ.አ. ወደ 400 ሚሊዮን ቶን እንደሚያድግ ገምቶ፣ ኢኮኖሚው እያደገ ልቀቱ ግን ባለበት እንዲጸና ግብ አደረገ። ይህን ግብ ለመምታት በአፋጣኝ ይሠራባቸዋል ብሎ የመረጣቸው ሥራዎች አራት ናቸው፦ የውሃ ኃይል ማመንጨት፣ የተሻሻሉ የገጠር ማብሰያዎችን ማስፋፋት፣ የእንስሳት ሀብትን አያያዝ ማሻሻልና ደንን መጠበቅ። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲል ያስፈልጋል። ግድቡና ምድጃው በአንድ ሰነድ፣ በአንድ መደብ፣ በእኩል ማዕረግ ተጽፈዋል። ግድቡ ታላቅ፣ ምድጃው ታናሽ ተብሎ አልተጻፈም።

ታዲያ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እኩል ተራምደዋልን? ግድቡ ተራምዷል። በ1956 ዓ.ም. በጢስ ዓባይ የተጀመረው የዓባይን ውሃ ለመብራት የማዋል ሥራ በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋዋት በሚያመነጨው በጣና በለስ ቀጠለ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ይዞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ከጉና ሥር ያለው ገበሬ፣ እንደ ሌላው ወገኑ ሁሉ፣ ለዚህ ግድብ ከጥሪቱ ቦንድ ገዝቷል፤ በሥራውም ሊኮራ ይገባዋል። ይሁን እንጂ ከምርቃቱ በኋላም በብዙ የደጋ ቤቶች እንጀራው የሚጋገረው በኩበትና በጭራሮ ነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው አባባል ለጥማት ብቻ የተነገረ ይመስለን ነበር፤ ለመብራትም ይሠራል።

በሌላ በኩል ሕጉ በፍጥነት የሄደባቸውን መንገዶች እንመልከት። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ይፋ ሆነ። ውሳኔው ለነዳጅ መግዣ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ ለመቆጠብ የሚረዳ በመሆኑ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን በራሱ በስትራቴጂው ስሌት በ2010 እ.ኤ.አ. ከአገሪቱ ልቀት ውስጥ የትራንስፖርት ድርሻ ከመቶ 3 እጅ ያህል ብቻ ሲሆን ከመቶ 85 እጅ በላይ የሚሆነው የመጣው ከእርሻና ከደን ነበር። ከደኑም ጉዳት ግማሽ የሚጠጋው በማገዶ ምክንያት የደረሰ ነበር። እንግዲህ ጢሱ በሚያንስበት ስፍራ ሕጉ ፈጠነ፤ ጢሱ በሚበዛበት ስፍራ ግን ዘገየ። ምክንያቱን ለማወቅ አያዳግትም። አውቶሞቢል በጉምሩክ በር ያልፋል፤ ተቆጥሮም ይመለሳል። ጉልቻ ግን በር የለውም፤ ከመንገድ በራቀ ጎጆ ውስጥ የተሸሸገ ነው። ለመቆጣጠር የሚመች ነገርና ለመለወጥ የሚያስፈልግ ነገር ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

«መብራት ሲገባ ችግሩ ራሱ ይፈታል» የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ አቅርቦት ፕሮግራም በ2025 እ.ኤ.አ. ለሁሉም ቤተሰብ መብራት ለማዳረስ ዐቅዶ ነበር። ከዚህም ከመቶ 65ቱን በዋናው መስመር፣ 35ቱን ደግሞ በፀሐይ ኃይልና በመሳሰለው ለማድረስ ነበር የታሰበው። ዓመቱ ደርሶ አለፈ፤ ግቡ ግን አልሞላም። ቢሞላም እንኳ ነገሩ አያበቃም። አነስተኛ የፀሐይ መብራት ለተማሪ ማጥኛ ይሆናል፤ ስልክም ይሞላል፤ እንጀራ ግን አይጋግርም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይጠይቃል፤ ይህም የብዙ መቶ ትንንሽ አምፖሎች ፍጆታ ነው። በአንድ መንደር ያሉ ቤቶች በአንድ ጧት ምጣዳቸውን ቢጥዱ ለመብራት ብቻ ታስቦ የተዘረጋው መስመር አይችለውም። ስለዚህ «መብራት ገብቷል» ማለትና «ጢስ ቀርቷል» ማለት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሪፖርት ላይ ግን አንድ ሆነው ሲጻፉ እናያለን።

ይህን አሳብ የሚቃወሙ ወገኖች በዋናነት ሁለት ምክንያት ያቀርባሉ። የመጀመሪያው «ዓለምን ያሞቁት ባለ ኢንዱስትሪ አገሮች ናቸው፤ የእኛ ገበሬ ኩበት ለዓለም ሙቀት ምን ያህል ነው? ዕዳውን የፈጠረ ዕዳውን ይክፈል» የሚል ነው። ይህ ክርክር በከፊል እውነት ነው። ኢትዮጵያ በ2021 እ.ኤ.አ. ባሻሻለችው ሰነድ ልቀቷን በ2030 ከሚጠበቀው በ68.8 ከመቶ ለመቀነስ ቃል ስትገባ በራሷ ዐቅም የምትፈጽመው 14 ከመቶውን ብቻ መሆኑን፣ የቀረው ከውጭ በሚገኝ ድጋፍ እንደሚፈጸም አስታውቃለች። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤትም በሐምሌ ወር 2017 ዓ.ም. በሰጠው አስተያየት መንግሥታት የአየር ንብረትን ከጉዳት የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ እንዳለባቸው ገልጿል። ስለዚህ መጠየቅ መብታችን ነው። ይሁን እንጂ የደጋዋ እናት ጢስ የምትተነፍሰው በዓለም ሳንባ አይደለም፤ በራሷ ነው። የሚቃጠለው ፍግም የኒው ዮርክ ማሳ ፍግ ሳይሆን የፋርጣ ማሳ ፍግ ነው። ጉልቻውን የምንለውጠው ለዓለም ውለታ ለመዋል ሳይሆን ለራሳችን ስንል ነው፤ ዓለም ከዚህ ቢጠቀም ትርፍ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል። «ድኻን በሕግ ማስገደድ ግፍ ነው፤ ሌላ ማገዶ የሌላትን ሴት ኩበት አታንድጂ ብሎ መቅጣት ምን የሚሉት ፍትሕ ነው?» የሚል ነው። በዚህ ተቃውሞ ፈጽሞ እስማማለሁ። አማራጭ ሳያቀርብ የሚከለክል ሕግ ሕዝብን ያስመርራል፤ ሌሊት ዛፍ የሚቆርጥ፣ ቀን ደግሞ የሚዋሽ ዜጋ ይፈጥራል። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ሕግ አያስፈልግም» የሚል መደምደሚያ ላይ መድረስ ስሕተት ነው። ሕግ የሚያዝዘው ድኻውን ብቻ ነው ያለ ማን ነው? ሕግ መሥሪያ ቤትንም ያዝዛል፤ በጀትንም ያዝዛል፤ አምራችንና ነጋዴንም ያዝዛል። እኛ የምንሻው ሕግ በባለጉልቻዋ ላይ መቀጫ የሚጥል ሳይሆን የተሻለ ጉልቻ እንዲደርሳት ሹሙን ተጠያቂ የሚያደርግ ነው።

ሕግ በሕዝብ ልብ ካላደረ ከንቱ መሆኑን፣ ካደረ ግን ለዘመናት እንደሚጸና ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በደቡብ ጎንደር ኮረብታዎች ላይ ከሩቅ እንደ አረንጓዴ ደሴት የሚታዩት የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ምስክር ናቸው። የደን ተመራማሪውና «እመጓ» በተባለው መጽሐፉ በአንባቢያን ዘንድ የታወቀው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በ2007 እ.ኤ.አ. ለዶክትሬት ማዕርግ ባቀረበው ጥናት በዚሁ አካባቢ በሚገኙ 28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ውስጥ 168 ዓይነት ዛፎች፣ ቁጥቋጦዎችና ሐረጎች መዝግቧል። በዙሪያቸው ያለው መሬት ከታረሰና ከተራቆተ ብዙ ዘመን ሲያልፍ እነዚህ ደኖች የተረፉት ዘበኛ በዝቶላቸው አይደለም። ወሰናቸው የታወቀ በመሆኑ፣ ባለቤታቸው የታወቀ በመሆኑ፣ ጥቅማቸውም ለመንደሩ ሁሉ በመሆኑ ነው። በኋላም ከብት ገብቶ ችግኙን እንዳይረግጥ በአንዳንዶቹ ዙሪያ ከማሳ በተለቀመ ድንጋይ አጥር ተሠርቷል፤ ማሳውም ከድንጋይ ጸዳ፣ ደኑም ተጠበቀ። የታወቀ ወሰን፣ የታወቀ ባለቤት፣ የጋራ ጥቅም፦ ሕግ አውጪ ከእነዚህ ሦስቱ ብዙ ሊማር ይችላል።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ የማኅበረሰብን የደን ባለቤትነት ማወቁ በዚህ ረገድ የሚመሰገን ርምጃ ነው። ባለቤትነት ምን እንደሚያስገኝ ከወላይታ ሁምቦ መረዳት ይቻላል። በዚያ ስፍራ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከግጦሽና ከምንጣሮ ጠበቁ፤ ጉቶው ራሱ አቈጠቈጠ፤ ደኑም ያመቀው ካርቦን ተለክቶ በዓለም አቀፍ ሥርዓት ገንዘብ አስገኘላቸው። የጉና ተዳፋት ነዋሪ ከሁምቦ ነዋሪ በምንም አያንስም። ሁምቦዎች ባለመብት መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ሰነድ ነበራቸው። የሚጠብቀው ነገር የራሱ መሆኑን ያላወቀ ሰው ደግሞ እስከ መቼ ይጠብቃል?

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ መጨመር ያስፈልጋል። ለሁሉም አገር አንድ ዓይነት መድኀኒት ማዘዝ አይገባም። በ2009 እ.ኤ.አ. የአማራን ክልል ጨምሮ በአራት ክልሎች የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም መልካም አሳብ ነው፤ ፍጉ ጋዙን ከሰጠ በኋላ ዝቃጩ ወደ ማሳ ስለሚመለስ ማገዶም ማዳበሪያም ይገኛል። ነገር ግን ባዮጋዝ የሚፈጥሩት ረቂቃን ሕዋሳት ሙቀት ይወዳሉ፤ በጉና ብርድ ሥራቸው ይዳከማል። ለጕድጓዱም በየቀኑ ውሃ ያስፈልጋል። ስለዚህ ለፎገራ ሜዳ የሚስማማው ለጉና አናት ላይስማማ ይችላል። በወረታ ወፍጮዎች የሚከመረው የሩዝ ገለፈትም ተጠቅጥቆ ማገዶ ሊሆን ይችላል። ለደጋው ደግሞ የማገዶውን ፍጆታ እስከ ግማሽ የሚቀንሰው ምርጥ ምድጃ ይበልጥ ይቀርባል፤ ሆኖም ሙቀትን በውስጡ አምቆ የሚይዝ ምድጃ ቤቱን እንደ ጉልቻ ስለማያሞቅ የብርዱ ነገር አብሮ ሊታሰብ ይገባል። ባሕር ዛፍም ቢሆን ኩበትን ከእሳት ያዳነ ባለውለታ ነው፤ በምንጭ አጠገብና በለም ማሳ ላይ ሲተከል ግን ባለዕዳ ይሆናል። ሕግ እነዚህን ልዩነቶች አውቆ ለወረዳው የመምረጫ ሥልጣን መስጠት አለበት።

እንግዲህ መደረግ አለበት የምለውን በአጭሩ ልዘርዝር። በመጀመሪያ፣ ሪፖርት የሚደረገው ነገር መለወጥ አለበት። ወረዳው የተተከለውን ምሰሶና የተተከለውን ችግኝ ብቻ ሳይሆን ያለ ጢስ የሚጋግሩትን ቤቶች ቁጥር በየዓመቱ እንዲያሳውቅ በሕግ ይታዘዝ። የማይቈጠር ነገር አይታቀድም፤ ያልታቀደም በጀት አያገኝም።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ግዴታው ከመንግሥት ወጥ ቤት ይጀምር። በየከተማው ያሉ ሆስፒታሎች፣ ማረሚያ ቤቶች፣ የካምፕ ወጥ ቤቶችና ተማሪ የሚመግቡ ትምህርት ቤቶች በየቀኑ የሚያነዱት ማገዶ የብዙ ቤተሰብ ማገዶ ነው። እነርሱ በተወሰነ ዓመት ውስጥ ከእንጨት እንዲላቀቁ ቢታዘዙ፣ ሕጉ ማንንም ድኻ ሳይነካ ብዙ ዛፍ ያድናል፤ ለምድጃ ሠሪዎችና ለኤሌክትሪክ ባለሙያዎችም አስተማማኝ ገበያ ይፈጥራል። ራሱ ያልፈጸመውን ሌላውን እንዲፈጽም የሚያዝዝ አስተዳዳሪ ተሰሚነት አይኖረውም።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ለምድጃና ለምጣድ ጥራት ማረጋገጫ ይኑር። አንዲት እናት ዶሮዋን ሸጣ የገዛችው ምድጃ በሁለተኛው ወር ቢሰነጠቅ ኪሳራው የእርሷ ብቻ አይደለም። ጎረቤቶቿ ሁሉ «ይኸው፣ የአባቶቻችን ጉልቻ ይሻላል» ብለው ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ስለዚህ ሠሪው ምልክቱን እንዲያትም፣ ለሥራውም ዋስትና እንዲሰጥ ሕግ ሊያስገድደው ይገባል።

በአራተኛ ደረጃ፣ አዲስ መስመር ሲዘረጋ ዲዛይኑ የመጋገሪያን ጭነት ያገናዘበ ይሁን፤ ለምጣድ መግዣም በመኸር ወቅት የሚከፈል ብድር ይዘጋጅ። በአምስተኛ ደረጃ፣ የጉናንና የመሰሎቹን ተዳፋት ለሚጠብቁ ማኅበረሰቦች አዋጁ ያወቀላቸው መብት በእጃቸው በሚገባ ሰነድ ይረጋገጥ። እነዚህን አምስት ነገሮች ለመፈጸም አዲስ ግድብ መገደብ አያስፈልግም። በእርግጥ ሁሉም ሰላምን ይጠይቃሉ። ባለፉት ዓመታት በአካባቢው የደረሰው ጦርነት እንዳሳየን ምሰሶ በሚወድቅበት፣ መንገድ በሚዘጋበትና ባለሙያ በማይንቀሳቀስበት ስፍራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቆመው እንዲህ ያለው ጥቃቅን የሚመስል ሥራ ነው።

በ2027 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የዓለምን የአየር ንብረት ጉባኤ እንድታስተናግድ ተመርጣለች። በዚያን ጊዜ እንግዶቻችን ስለ ግድባችንና ስለ ኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎቻችን ብዙ እንደሚሰሙ አያጠራጥርም፤ ሊሰሙም ይገባል። ነገር ግን ከጉባኤተኞቹ አንዱ «የገጠሯ ሴት እንጀራዋን በምን ትጋግራለች?» ብሎ ቢጠይቅ የምንመልሰው መልስ ከአሁኑ መሰናዳት ይኖርበታል። መልሱም በቃል ሳይሆን በቁጥርና በሥራ መሆን አለበት። ድጋፍ የሚጠይቅ አገር የሠራውን ለክቶ ማሳየት ሲችል ጥያቄው ክብደት ያገኛል።

በመጨረሻም ለተማሪው አንድ ቃል ልናገር። የአገር ሕግ ለዳኞችና ለጠበቆች ብቻ የተጻፈ የሚመስለው ወጣት ብዙ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ግን ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በራሱ ላይ መድረሱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን ስለሚጎዳ ድርጊት አቤቱታ ማቅረብ እንዲችል በአንቀጽ 11 ደንግጎ ነበር። አሳቡ ታላቅ ነው፤ አካባቢ የሁሉም በመሆኑ ሁሉም ከሳሽ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በዚሁ መንፈስ የቀበሌው ስብሰባ ሲጠራ ተነሥቶ «በዚህ ዓመት ያለ ጢስ የሚጋግሩ ስንት ቤቶች ተጨመሩ?» ብሎ በትሕትና የሚጠይቅ ተማሪ ለአገሩ ትልቅ ሥራ ይሠራል። ጥያቄው በየስብሰባው ከተደጋገመ መልስ የሚፈልግ ሹም መገኘቱ አይቀርም፤ መልስ የሚፈልግ ሹም ከተገኘም ሕጉ ከመደርደሪያው ወርዶ ወደ ጉልቻው መጓዝ ይጀምራል።